ጓሳ ያላየው ፊልም

በዚህ ዓምድ ስለ ፊልምና ስለ ቴሌቪዥን ስንጨዋወት አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው “ልጆቻችን ምን ይዩ? ምንስ አይዩ?” የሚለውን ጥያቄ ነው። በዚህ እትም ግን ልጄ መንገድ ላይ ጠይቃኝ መልስ ስላጣሁለት ነገር ላጫውታችሁ። ነገሩ የተጀመረው ቴሌቪዥን ዘግይቶ በደረሰበት አገር፣ በመንዝ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ ለዘመድ ሠርግ ወደ መሐል ሜዳ እየሄድን ነበር። ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ጓሳን አቋርጦ ያልፋል። ሾፌራችን ጎማ ለማየት ሲቆም እኔና የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ወረድን። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣልና ፀሐዩ ፊት እያቃጠለ ነፋሱ አጥንት ይሰረስራል። አገሩ ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ሣሩ ጉብታ ጉብታ እየሆነ እስከ አድማስ ድረስ ተዘርግቷል፤ በመካከሉ ጅብራው እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሟል። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ደግሞ የጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሰው መኖሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥር፣ በሁለት እጁ ሣር እየነቀለ ይበላል።

ልጄ ጭላዳን በፊልም ታውቀዋለች። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 “ፕላኔት ኧርዝ” በሚል ስም ያቀረበው ተከታታይ ፊልም ስለ ተራሮች በሚናገረው ክፍሉ የሰሜን ተራሮችን ጭላዳዎች ያሳያል። ዲቪዲው እቤታችን ስንት ጊዜ እንደታየ እኔ አልቆጠርሁም። እንግዲህ ያንን ሁሉ አይታ ነው፣ ዝንጀሮዎቹን በፈገግታ ስትመለከት ቆይታ ድንገት ወደ እኔ ዞር ያለችው።

“እማዬ፣ ፊልሙ ላይ ሰው አልነበረም። እዚህ ግን ሰው አለ።”

እውነቷን ነው። አንድ ሽማግሌ አባት ባና ደርበው፣ የሣር ጭነት የተጫኑ ሁለት አህዮቻቸውን አጠገባቸው አቁመው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጓሳ ሣር ገመድ ይገምዳሉ። ዝንጀሮዎቹ ከእሳቸው ሃያ እርምጃ እንኳ አይርቁም።

ቀርበን ሰላምታ ሰጠናቸው። ልጄ ዓይን አፋር አይደለችምና “አባባ፣ በቴሌቪዥን ወጥተው ያውቃሉ?” አለቻቸው። ሳቁ። “እኔን ምን ብለው ያውጡኝ ልጄ? ካሜራ የያዘ እንግዳ ይመጣል፤ የሚፈልገው ዝንጀሮውንና ቀዩን ቀበሮ ነው። እኔንማ ‘አባት፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን’ ነው የሚለኝ።” ይህን ሲናገሩ ቅሬታ አልነበረባቸውም፤ እኔ ግን አፈርሁ፤ በቦርሳዬ ውስጥ ካሜራ ይዤ ነበርና።

በእርግጥ እንግዶቹ ለምን ወደ ጓሳ እንደሚመጡ መረዳት አያስቸግርም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የጓሳን ጭላዳዎች ዓመት ከዓመት የሚከታተሉ ተመራማሪዎች አሉ። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ነው። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ያህል ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ያህል ብቻ። ዝንጀሮዎቹም አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን ብዙውን ጊዜ አይነካም። እንዲህ ያለውን ትዕይንት ካሜራ ያለው ሰው ቢያሳድደው አይፈረድበትም።

ግን ያ ሁሉ ሣር ሳይታረስና ሳይጋጥ እስከ ዛሬ የቆየው እንዴት ነው? ይህን የነገሩን ገመዱን ሳያቋርጡ ነበር። ጓሳ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የተጠበቀው “ቄሮ” በሚባል የአባቶች ሥርዓት ነው። (በስም ከሚመሳሰለው ከሌላው ጋር አይገናኝም።) ርስቱ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነው። የየወገኑ ሕዝብ “አባ ቄራ” ወይም “አፈሮ” የሚባል ጠባቂ አለቃ ይመርጣል። ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም የለም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይሆናል። ድርቅ የመጣ እንደሆነም የመንዝ ከብት ነፍሱን የሚያተርፈው እዚያ ነው።

“ታዲያ አሁንም ቄሮ አለ?” አልኋቸው።

“የለም። ንጉሡ የወረዱ ጊዜ ቀረ።”

“አንቱ ያን ጊዜ ስንት ዓመትዎ ነበር?”

“እረኛ ነበርሁ። ንጉሡ ወረዱ የሚለውን ከገበያ የመጣ ሰው ነገረን። አላመንነውም።”

ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ተሰናብተን ሄድን። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ሳስብ የነበረው ስለ አንድ ፊልም ነው። እኚህ አባት ያላዩት፣ ነገር ግን ይጠብቁት የነበረውን ሣር ሕግ የለወጠ ፊልም።

ታሪኩን የማታውቁ ወጣቶች ስላላችሁ ከሥሩ ልጀምር። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ገብቶ ሰው ያልቅ ነበር። የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ዝቅ አድርገው የሚገምቱት በአሥር ሺዎች፣ ከፍ አድርገው የሚገምቱት እስከ 200,000 ይደርሳሉ። መንግሥት ነገሩ እንዲወራ አልፈለገም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው በፎቶግራፍ ያመጡትን ለማሳየት ሞክረው ነበር፤ ብዙም አልተሰሙም። በኋላ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ ወሎ ገባ። የቀረጸው ፊልም “ያልታወቀው ረሃብ” በሚል ስም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የእንግሊዝ ሕዝብ እራቱን እየበላ የወሎን እናቶች አየ፤ እርዳታም ጎረፈ። ፊልሙ የወሎ ነው፤ ያየው ግን ለንደን ነው። የራሳችን አገር ሰው ሊያየው አንድ ዓመት ገደማ መቆየት ነበረበት።

ያም ቀን መጣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ ማታ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረ አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ የተጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነበር። ስርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አይርቅም፤ መሣሪያው ያለውም ጥቂት ሰው ነው። ቴሌቪዥን ባለው ቤት ግን ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ያን ዕለት ማታ ደርግ የዲምብልቢን ፊልም አቀረበ፤ ዲምብልቢ እንደሠራው ግን አይደለም። በመካከሉ የቤተ መንግሥቱ ድግስ፣ የሠርግ ኬክ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል እየተሰካ ገብቶበታል። ወሎ፤ ኬክ። የሞተ ሕፃን፤ ውሻ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ፊልሙን እንዲያዩ ተነግሯቸው እንደተመለከቱት ተጽፏል። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ጠዋት፣ መኮንኖች መጥተው ከሥልጣን መውረዳቸውን አነበቡላቸው፤ በቮልስዋገን መኪና አሳፍረው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው።

ወገኖቼ፣ በዓለም የቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ አንድ ምሽት የታየ ፊልም በማግሥቱ ለወረደ ዘውድ መንገድ የጠረገበት ሌላ ምሳሌ ማግኘት ቀላል አይመስለኝም። ወታደሮቹ አስቀድመው ወስነው ነበር፤ ባለሥልጣናቱን ሲይዙም ወራት አልፏል። ሕዝቡ “ንጉሤ!” ብሎ እንዳይነሣ ያደረገው ግን ያ ምሽት ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ፊልሙ ሐሰት ነበር ወይ? አልነበረም። ረሃቡ እውነት ነው፤ መደበቁም እውነት ነው፤ ድግሱም ተደግሷል። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ቀን የተቀረጹ አይደሉም። ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው መቀስ ነው። ምስልን ከምስል አጠገብ ማስቀመጥ ያለ ቃል መናገር መሆኑን ደርግ ያወቀው ገና በመጀመሪያው ቀኑ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ፊልሙ ከታየ ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም። በብዙ የደቡብ አገር ለጭሰኛው የነፃነት ቀን ነበር፤ ማንም ይህን አይክድም። በጓሳ ግን አዋጁ ርስቱን ሲያነሣ በርስቱ ላይ የቆመውን ቄሮንም አብሮ አነሣው። ፍርዱን ሚዛናዊ ለማድረግ፣ ከአስቦና ከጌራ ያልተወለደ ሰው በቄሮ ዘመን በጓሳ ላይ መብት አልነበረውም፤ ለእሱ አዋጁ በር ከፍቶለታል። ለሣሩ ግን ጠባቂው ጠፋ። ጓሳ በገበሬ ማኅበራት ሥር ገባ፤ መዝጋትና መክፈት ቀረ፤ ያጨደ አጨደ፣ ያሰማራ አሰማራ። ከዓመታት በኋላ ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ መርጦ፣ የራሱን ሕግ አውጥቶ ባያድነው ኖሮ ዛሬ ካሜራ የያዘ ሰው ወደዚያ የሚወጣበት ምክንያት ባልኖረም ነበር። የገረመኝ፣ ያንን የእንቁጣጣሽ ፊልም በጓሳ አካባቢ ያየ አንድ ሰው እንኳ መኖሩን መጠራጠሬ ነው። እረኛው ሣር ውስጥ ነበር።

አሁን ደግሞ አሥር ዓመት ወደፊት እንለፍ፤ እዚህ ላይ የራሴም ድርሻ አለበት።

በ1977 ዓ.ም. መስከረም ላይ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር፣ የኢሠፓም ምሥረታ ሊታወጅ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዚሁ በዓል በቀለም ማሰራጨት ጀመረ። ሰፈራችን ውስጥ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን የገባው አንድ ቤት ነው። መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለን ሰልፉን አየን። ቀዩ ባንዲራ ቀይ ሆኖ ሲታይ የጮኽነው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ! ከዚያ በፊት በጥቁርና በነጭ ነበር የምናየው፤ ልጅ ናችሁና ፍረዱን።

በዚያው ሳምንት የእናቴ አጎት ከመንዝ መጡ። ክረምቱ ከድቷቸው፣ ገብሱ ሳይዝ ቀርቶ፣ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ነው የደረሱት። እናቴ ስታያቸው አፏን ይዛ ቀረች። እኔ ግን ቀለሙን ላሳያቸው ቸኩዬ እጃቸውን እየጎተትሁ ወደ ጎረቤት ወሰድኋቸው። ባለቤቶቹ በትሕትና ወንበር ሰጧቸው። ሰልፉ በድጋሚ ይታይ ነበር። ጋሼ እጃቸውን በበትራቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ኋላ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ “ይኼ ሁሉ ሰው ዛሬ ምሳውን የት ይበላል?” አሉኝ።

እኔ የሞኝ ጥያቄ መስሎኝ ሳቅሁ።

ትልቅ ስሆን ነው ነገሩ የገባኝ። በእነዚያ ሳምንታት ወሎና ትግራይ፣ ሰሜን ሸዋም ጭምር፣ በድርቅ ተይዘው ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ገና በመጋቢት 1976 ዓ.ም. አስጠንቅቆ ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። “የተደበቀ ረሃብ” ብሎ ንጉሡን በፊልም የከሰሰው መንግሥት፣ በአሥረኛ ዓመቱ፣ በዚያው በወሎ ምድር የመጣውን ረሃብ በራሱ እጅ ደበቀ። በዚህ ጊዜ መቀሱ የሠራው የሚገባውን በማስገባት አይደለም፤ በማስቀረት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል፤ ስለዚህ አላረዝመውም። የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከቆረም ያመጡት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ታየ፤ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተቀባበሉት። ቡርክ ረሃቡን የገለጸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር አመሳስሎ ነበር። በወሩ የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው ለእርዳታ ዘፈን ቀረጹ። የዘፈኑ ርእስ፣ እነዚህ ሰዎች የገና በዓል መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል! ክርስትና ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የመንግሥት ሃይማኖት በነበረበት አገር፣ ታኅሣሥ 29ን በጠዋት ተነሥቶ ለሚያከብር ሕዝብ። ልባቸው መልካም እንደነበር አልጠራጠርም፤ የሰጡትም እህል ነፍስ አትርፏል። ግን አንድ ሰው እንኳ የሚጠይቁት አጥተው ይሆን?

ስለ አሚን አንድ ቃል ልጨምር። ይህ ሰው በ1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ ድምፅ ቀራጭ ባልደረባውም በዚያው ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ ሆነ።

በእነዚያ ምስሎች ውስጥ ካሉት ስም ያገኘች አንዲት ልጅ አለች፤ ብርሃን ወልዱ። በ1977 ዓ.ም. በትግራይ የካናዳ ቴሌቪዥን ሲቀርጻት ነርሷ የቀሯት ደቂቃዎች ናቸው ብላ ነበር። አባቷ ግን አልቀበሯትም፤ እስትንፋስ አገኙባት። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደኑ የ“ላይቭ ኤድ” የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ዴቪድ ቦዊ ከሚዘፍናቸው አንዱን ትቶ በቦታው ያ የካናዳ ፊልም እንዲታይ አደረገ፤ የሚሊዮኖች ዓይን በእሷ ፊት ላይ አረፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ያቺው ልጅ ተምራ፣ ጎልማሳ ሆና፣ በለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ቆመች። ይህን በቀጥታ ስርጭት ስመለከት አልቅሻለሁ። ከደስታው ጋር ግን ሌላም ሐሳብ መጣብኝ። ከእሷ አጠገብ ተኝተው የተቀረጹት የሌሎቹ ስም ማን ነበር? ከካሜራው ጀርባ የቀሩትስ? የእናቴ አጎት በማንም ካሜራ ውስጥ አልገቡም። በ1978 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ዐረፉ፤ አንድም ፎቶግራፍ የላቸውም። እናቴ መልካቸውን ለልጄ ስትነግራት “የእኔን ግንባር የመሰለ ግንባር ነበራቸው” እያለች የራሷን ግንባር ታሳያታለች።

ወደ ጓሳ ልመለስ። ሠርጉ አልቆ ሰኞ ዕለት ስንመለስ ሾፌሩን እዚያው ቦታ እንዲያቆምልን ለመንሁት። እኚያ አባት ነበሩ፤ አሁን አህዮቹ ሦስት ሆነዋል። ልጄ ካሜራውን ከእጄ ተቀብላ ሄደችና “አባባ፣ ፎቶ ላንሣዎት? ፈቀቅ እንዳይሉ ብቻ” አለቻቸው። በጣም ሳቁ። ከዚያ ግን ኮስተር ብለው ተነሡ፤ ባናቸውን አስተካከሉ፤ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉ፤ የገመዱትን ገመድ ጠቅልለው በቀኝ እጃቸው ያዙት። ስማቸውንም እስከ አያታቸው ነገሯት፤ እሷም ከደብተሯ ላይ ጻፈች። ከአስቦ ወገን ነኝ አሉ።

አዲስ አበባ እንደደረስን ፎቶውን በትልቁ አሳጥበን፣ በፍሬም አድርገን፣ መሐል ሜዳ ለሚሠራ ዘመዳችን በአውቶቡስ ላክን። እሱም በገበያ ቀን ፈልጎ አግኝቶ ሰጣቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለልን። ፎቶውን ከብርሃን አዙረው አዙረው አይተውት፣ ደስ ብሏቸው፣ አመስግነው፣ በመጨረሻ ግን አንድ ነገር ጠይቀዋል አለ።

“ዝንጀሮዎቹንስ የት አደረገቻቸው?”